ትልቁ ስክሪንና የደከመው ዓይኔ

ፋንዬ፣ አካም ቡልቴ? ነፋሱ ዛሬ ደግሞ ብሶበታል አይደል? ባንኮኒሽን ሁሉ አቧራ አልብሶታል። እስቲ የውጪውን በር ዝጊልኝ። የውስጡን ግን ተይው… እዚያ ክፍል ያለ ሰው ሙቀት እንዳያስጨንቀው ብዬ ነው።

እኔማ ዓይን ሐኪም ጋ ደርሼ መምጣቴ ነው። ሰው ካሰበልሽ ምን ይደረጋል? አሥራ አንድ ዓመት ባነርና የጥሪ ካርድ በሠራሁበት ማተሚያ ቤት፣ «ወርቅውሃ ዓይኗ ደክሟል፤ ኮምፒውተሩን ትልቀቅና ካርድ በፕላስቲክ እየለበጠች ላሚኔሽን ላይ ትቀመጥ» ብሎ አለቃችን ጋሽ ዲበኩሉ ፊት የሚጨነቅልኝ ወንድም ማግኘት… እናቴ እንኳ እንዲህ አላሰበችልኝም። ስም አልጠራም። ደግ ሰው ሲያመሰግኑት ያፍራል።

ያቺን የደራ ከተማ ሙሽራ ታስታውሻለሽ? በአዲሱ ትልቅ ስክሪን ላይ ፊቷ ጭጋግ የለበሰ መሰለኝ፤ እኔም አጠራሁት፣ ደግሜ አጠራሁት። ሦስት ሜትሩ ባነር ታትሞ ሲወጣ የጉንጯ ቀዳዳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወንድሞቿ ጠቅልለው ወርውረውልን ሄዱ። ጋሽ ዲበኩሉ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ባነሩን ከመሬት አነሱት። እሱ ነው ያቃጠለኝ፣ አልዋሽሽም።

ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? «በዚህ ዓይንማ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መብራትም አያስፈልግ።»

ከሐኪሙ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመልሼ የስክሪኑን ሴቲንግ ከፈትኩት። ለካ ያ ያሰበልኝ ወንድም ላፕቶፑን ከስክሪኑ ጋር ሲያገናኝ ፊደሉ ደቀቀበት። ምን ያድርግ ታዲያ? ሪዞሉሽኑን፣ የምስሉን ጥራት ራሱን ዝቅ አደረገዋ! ፊደሉ ተለቀ… የቀረው ሁሉ ደበዘዘ። ቁጠባ ማለት እንዲህ ነው። ያን የሚያህል ስክሪን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ግማሹን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ማን ይችልበታል? እኛ ብንሆን እኮ ሪዞሉሽኑን ሙሉውን ትተን፣ ስኬል የሚለውን ብቻ ወደ መቶ ሃምሳ ፐርሰንት ከፍ እናደርግ ነበር። ፊደሉም ይተልቃል፣ ጥራቱም አይነካም። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን እኛ ምን እናውቃለን… ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ሰርተፊኬት የለን። የሱ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ነው፤ ፍሬሙ ደግሞ እንዴት ያምራል።

አሁን አስተካክዬዋለሁ። የሙሽራዋንም ፎቶ ከፍቼ ትቼዋለሁ፤ ጋሽ ዲበኩሉ ከሞጆ ሲመለሱ የስክሪኑን የበፊቱንም የአሁኑንም ቀያይሬ አሳያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ላሚኔሽኑ ላይ ማን እንደሚቀመጥ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ማንንም አልከስም። ክፋት አስቦ ይመስልሻል? ምስኪን… ሁለት ወር ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ መደብዘዙን ራሱም አላየው።

ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው አሉ፣ ሰማሽ? አምስት ሜትር ባነር አስቧል፤ የሙሽራዋ ፊት ብቻውን ሁለት ሜትር። ደስ ሲል! እግዚአብሔር ለወግ ለማዕረግ ያብቃው፤ ትዳሩን ይባርክለት፤ ወልዶ ይሳም። ለዚያ ባነር ደግሞ እንደኔ ዓይኗ የደከመ ሴት አይጣልበት… ልክ እንደሱ ያለ ባለሙያ ይስጠው።

አሜን በይ እንጂ ፋንዬ… ጮክ ብለሽ፤ የውስጡ በር ክፍት ነው፣ እሱም ይስማው።