የግራ ዳር ቦታ

ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ የሙዚቃ ቡድኑን ቪዲዮ በስልኩ ያሳያቸዋል።

«ይዩን እስቲ፣ አባባ። አምስት ነን። ዘፈኑም ዳንሱም የራሳችን ነው።»

«ጎበዞች ናችሁ። እኛም ከቀበሌ ኪነት ጀምሮ አምስት ነን።»

«አንቱም ዘፋኝ ነዎት?»

«ታዲያስ። አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰን ስንወጣ የፉሪ ልጃገረድ ሁሉ ትከተለን ነበር።»

«ዳንስስ ትችሉ ነበር?»

«ማይኩ አንድ ነው። አምስት ሰው ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥሞ እየዘፈነ በየት በኩል ይደንሳል?»

«እኛ ለየራሳችን ማይክ አለን።»

«ለዚህ ነዋ የማትጠጋጉት።»

ልጁ ሳቀ፤ ከዚያ ቪዲዮውን አጠፋው።

«እውነትዎን ነው። አንዱ መሃል ካልቆምኩ ብሎ አኩርፎ ወጣ። አሁን የምሄደው በሱ ቦታ ሌላ ልጅ ልንመርጥ ነው።»

«የወጣው ልጅ ድምፁ እንዴት ነው?»

«ድምፅስ እንደሱ ያለው የለንም።»

«የኛም ግራ ዳር የሚቆመው እንደዚያ ነበር። ሲያኮርፍ ቤቱ ሄደን እየጎተትን እናመጣው ነበር። አሁን ግን ነፍሱን ይማረውና አረፈ። ሠርግ ላይ ስንጠራ ዛሬም ግራ ዳሩን ክፍት ትተን ነው የምንቆመው።»

«ሌላ ሰው አላስገባችሁም?»

«አምስት ነን አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

ልጁ ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«ሄሎ፣ የት ነህ? ቤት ጠብቀኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ። እሺ፣ መሃል ትቆማለህ።»

ሽማግሌው የኮታቸውን ኮሌታ አስተካክለው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

እኔም ስልኬን አውጥቼ፣ ዓመት ሙሉ ያኮረፍኳትን የአብሮ አደጌን ስም እያየሁ ሳለ ሰበታ ደረስን።