ሐጂ ጧሂር የፈሩት የደም ምርመራ

ሐጂ ጧሂርን ያገኘኋቸው ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዐይን በሚሄደው የከሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ነው። አል ዐይን ዳር፣ አል ሂሊ ሰፈር፣ የአንድ ሰው እርሻ ሲጠብቁ ሃያ ዓመት የሞላቸው የወሎ ሰው ናቸው። ከጎናቸው የእህታቸው ልጅ ዘምዘም ተቀምጣለች። ፈላጅ ሃዛ በሚባለው የአል ዐይን ሰፈር ባለ አንድ ቤት የምትሠራ ጎበዝ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ለይቼ ለማወቅ ተቸገርሁ። ከስታለች፤ ማቀዝቀዣው እየነፈሰ ያልባታል፤ የያዘችው የውኃ ጠርሙስ በእጇ ይንቀጠቀጣል።

«አሟታል እንዴ?» አልኋቸው፣ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ።

«ጅን ነው፣ አቶ ፍስሐ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትበላለች፣ ትከሳለች። እንቅልፍ የላትም። ዝምተኛዋ ዘምዘም ባለፈው ሳምንት የማዳሟ ልጆች ላይ ጮኻ ሳህን ወረወረች። ማዳም ‹አንድ ጊዜ ብትደግሚው ኸላስ፣ በቃ፣ አገርሽ ትገቢያለሽ› ብላታለች። ለዚህ ነው አቡ ዳቢ ወስጄ ቁርዓን ያስቀራሁላት።»

«ተሻላት?»

«ወላሂ፣ ባሰባት።»

ነገሩ አስጨነቀኝ። ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ አገራችን ሰው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር እንዳይወጣ ካገደች ዓመት አልፏል። አንዴ አገሩ የገባ ሰው ወደዚህ መመለሻ የለውም። ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምረው ደግሞ ዘምዘም ናት።

በመተላለፊያው ማዶ ነጭ ጋዋን በክንዷ የያዘች ወጣት ወደ እኛ ዞረች። ፈይሩዝ ትባላለች፤ አል ዐይን ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ፣ በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት።

«ሶሪ አባባ፣ ሳላስበው ሰማሁ። ዘምዘም፣ ቁጭ ብለሽም ልብሽ በኃይል ይመታል?»

«ይመታል። ሰው ሁሉ የሚሰማው ይመስለኛል።»

«አንገትሽን ልየው?»

ዘምዘም አጎቷን አየት አደረገችና ሻሿን አላላች። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስሁ። ፈይሩዝ በጣቷ ዳበሰችውና «አብጧል» አለች። ለወራት ሻሽ ስለሸፈነው ማንም ልብ አላለውም።

«እንቅርት ነዋ!» አሉ ሐጂ። «እንቅርት እኛ አገር ሞልቷል። ሳህን አያስወረውርም።»

«እውነትዎን ነው፣ ሁሉም አያስወረውርም። ግን እዚህ አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። ሆርሞን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ትለቃለች። ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ የበላነው እንዴት እንደሚቃጠል የሚመራው በዚያ ነው። አንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ ‹ጨምሪ፣ ቀንሺ› እያለች ታዛታለች። ትእዛዝ አልሰማ ስትል ግን ያለ ልክ ትለቃለች። ያኔ ሰው እየበላ ይከሳል፤ ደክሞትም አይተኛም፤ በትንሹ ይቆጣል።»

«ቁጣ እኮ ጠባይ ነው፣ ልጄ። ዕጢ እንዴት አድርጎ ይቆጣል?»

«እርሻው ላይ እባብ ቢያዩ ምን ይሆናሉ?»

«ልቤ ይመታል፣ አፌ ይደርቃል።»

«አስበውበት ነው?»

«ምን ጊዜ አግኝቼ አስባለሁ! በራሱ ነው እንጂ።»

«ያንን የሚያደርጉት ኩላሊት ላይ የተቀመጡ ዕጢዎች ናቸው። እባቡ ሲሄድ ይረጋጋሉ። የዘምዘም ዕጢ ሌላ ናት፤ ግን ለእሷ እባቡ አይሄድላትም።»

ሽማግሌው ጢማቸውን እየዳበሱ የዘምዘምን አንገት አዩ። አመኑ ብዬ ደስ አለኝ፤ ቸኩዬ ነበር።

«ምርመራው ቀላል ነው፤ ትንሽ ደም...»

«ደም? ደምማ አትሰጥም!» ብለው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ደም ሰጥተው ስንት ልጆች በዚያው ወደ አገር ሲጫኑ አይቻለሁ። አንቺ እዚህ ተወልደሽ ምን ታውቂያለሽ?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። የእኛ ሰው ሁሉ ይህን ይፈራል። ለሰው ማመልከቻ እየተየብሁ የምኖር፣ ወረቀት ዐዋቂ የምባል እኔ ራሴ፣ ውኃ ጥም ሲያሠቃየኝ ከርሞ ያልተመረመርሁት በዚሁ ፍርሃት ነው። አፈርሁ።

«ያ ምርመራ የሚፈልገው ተላላፊ በሽታ ነው» አለች ፈይሩዝ ረጋ ብላ። «ይህ አይተላለፍም። ውጤቱም ለሐኪሟና ለእሷ ነው። የሚያስባርራት ሌላ ሳህን መወርወሯ ነው። ልቧም እንዲህ እየሮጠ አይችለውም። ደግሞ ይህ ነገር በዘር ይሄዳል። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?»

ሐጂ ጧሂር ተቀመጡ።

«እናቷ» አሉ። «እህቴ ሶፊያ። ዓይኗ ፈጦ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ትጮህ ነበር። ጅን ነው አልን። አሰርናት። ገመዱን የቋጠርኩት እኔ ነኝ። በሰባተኛው ቀን ልቧ ቀጥ አለ።»

«በወባ ሞተች አላላችሁኝም?» አለች ዘምዘም። እንባዋን ጠርጋ «እኔ ደሜን እሰጣለሁ» አለች። «አጎቴ፣ ከፈሩ ውጭ ይጠብቁኝ።»

«አብሬሽ እገባለሁ።»

በማግስቱ በኢንሹራንስ ካርዷ ተመረመረች። ዕጢዋ ከልክ በላይ መሥራቷ ታወቀ፤ ኪኒን ታዘዘላት። ዘምዘም ስለፈቀደች፣ የሐኪሙን ማስረጃ ለማዳሟ በዐረብኛ የተየብሁት እኔ ነኝ። ማዳም አንብባ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለቻት እንጂ አላባረረቻትም። በሁለት ወሩ የእጇ መንቀጥቀጥ ቆመ፤ እንቅልፏ ተመለሰ፤ የማዳም ልጆችም እንደ ድሮው ከእሷ እጅ ካልበላን የሚሉ ሆኑ። እኔም ተመረመርሁና ስኳር ተገኘብኝ። እሱም የሆርሞን ጉድለት ነው አለችኝ ፈይሩዝ።

እንግዲህ አንዲት ትንሽ ዕጢ በጊዜ ብትታወቅ ሰው ከሥራው አይፈናቀልም፤ ጠባዩ ያለ ጥፋቱ አይወቀስም፤ ሕይወቱም ይተርፋል። ይህን ግን ከእኔ ይልቅ ሐጂ ይናገሩታል። ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጡ ደጅ አግኝቻቸው፣ አንድ የአገራቸው ሰው እህቱን ጅን እንደያዛት ሲነግራቸው ሰማሁ።

«ጅን የለም አልልህም» አሉት ትከሻውን ይዘው። «አስቀራላት፣ ዱዓም አድርግ። ግን ዛሬውኑ ደሟን አስመርምር። እኔ ገመድ አስቀድሜ እህቴን ገድያለሁ።»