ጣልያን የወሰዳት በቅሎ

በጣልያን ጊዜ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ፣ ልጓም የታቀፉ ሴትዮና አንድ የይፋት ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ በቅሎዋስ?» አሉ ነጋዴው።

«ጣልያን ወሰዳት።»

«ታዲያ ልጓሙ ምን ያደርግልዎታል?»

«ስትመጣ ልለጉማት ነዋ! አሁኑኑ እንደ መጣች ቆጥሬ ስለማምን፣ ጠዋት ጠዋት ሣር አቀርብላታለሁ።»

«ሣሩን ማን ይበላዋል?»

«የጎረቤት አህያ።»

«ወላሂ፣ እምነቱስ ለአህያዋ ሠመረላት!»

«አይሳቁ ጋሼ! ከተጠራጠርኩ በቅሎዬ ትቀርብኛለች።»

«በቅሎዬ መጥታለች ካሉ፣ በመኪና ምን አስኬደዎት?»

«እንዳላደክማት ብዬ።»

ቁልቁለቱን ስንጨርስ የጣልያን በቅሎዎች ጭነት ተሸክመው ከፊታችን መጡ። ሴትዮዋ ብድግ ብለው የበቅሏቸውን ስም «ዳሚት!» ብለው ሲጠሩ፣ አንዷ ጆሮዋን ቀስራ ቆመች። የሚነዳት የጣልያን ወታደር ቢጎትታት አልነቃነቅ አለች፤ ኋላ ጭነቷን አራግፋ ዞረችና መኪናችንን ተከትላ ትሮጥ ጀመር።

«ሾፌር፣ እንዳታቆም!» ብለው ጮኹ ሴትዮዋ። «እስከ ቤት ትከተለን!»

ነጋዴው ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አሉ።

«እትዬ፣ የኔንም ግመል ወስደውብኛል። ሣሩን የሚያቀርቡት ፀሐይ ሳትወጣ ነው ወይስ ከወጣች በኋላ?»

«ሳትወጣ ነው።»

እኔም የተወሰደብኝን በሬ በስሙ በልቤ ደጋግሜ ጠራሁት።