ቅቤ የጠጣ ምንሽር

ግራዝማች ደርበው ከግምጃ ቤት ከተማ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ጋሪ ላይ በማለዳ ተሳፈሩ። በጋቢ የጠቀለሉት ምንሽር የሟች ወንድማቸው የሽባባው ነበር። በማግስቱ ውዱ የተባለው የሽባባው ልጅ ይዞት ለነጭ ለባሽ ጦር ሥልጠና ይሰለፋል።

አጠገባቸው የተቀመጠው ወታደር አሸተተና ፈገግ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ግራዝማች፤ ጠመንጃው ቅቤ ይቀባል?»

«ንጥር ቅቤ! ወንድሜ ሽባባው ሙሽራ ያልተቀባችውን ነበር የሚያጠጣው። ነገ ደግሞ ልጁ ውዱ ለሥልጠና ይዞት ይሰለፋል። አንተስ ማነህ?»

«አስማረ እባላለሁ፤ የሥልጠናው መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ቢፈቅዱልኝ ልየው።»

ጥይት አለመጉረሱን አይቶ መዝጊያውን ሳበ። የረጋው ቅቤ ያዘውና እንደ ሰነፍ በሬ እየተጎተተ መጣ።

«ውስጡ ያለው ጠምዛዛ ሽቦ፣ ሞላው፣ ደክሟል። ጥይቱን የሚመታው ሹልም ተበልቷል። ሁለቱም ይለወጡ።»

«ምን አልክ? ሠላሳ ዓመት ሲይዘው አንድ ቀን አልከሸፈበትም!»

«ወንድምዎ በዓመት ስንቴ ይተኩሱ ነበር?»

«ለጥምቀት አንድ፣ ለሰርግ ሁለት...» የግራዝማች ድምፅ ለሰለሰ። ሽባባው በዳማ ፈረሱ ሲጋልብ፣ ፀሐይ ያቀለጠችው ቅቤ ከሰደፉ ወደ ክንዱ ሲወርድ ታያቸው። ያ ሽታ ለእሳቸው ወንድማቸው ነበር።

«ውዱ ግን በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ይስበዋል፤ ይዞት በጭቃ ውስጥ በደረቱ ይሳባል፤ አቧራው ከቅቤው ጋር ይቦካል። የቆየ ዕቃ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው በዛበት።»

«እንግዲህ ሆዱን አውጥተህ ልትጥለው ነው! ከዚያ በኋላ የሽባባው ይባላል?»

ባለጋሪው ምህረቴ ሳይዞር ሳቀ። «ግራዝማች፣ የዚህን ጋሪ ጠፍር ሦስቴ፣ ጎማውን ሁለቴ ለውጫለሁ። እስከዛሬ የአባቴ ጋሪ ነው የምለው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉ ግራዝማች፤ ግን ጎንበስ ብለው የጋሪውን ጠፍር አዩት። ዳንግላ እንደ ደረሱ ከአስማረ ጋር ወደ መሣሪያ መጠገኛው ቤት ገቡ።

አስማረ አሮጌውን ሞላ ሲያወጣው ለሁለት ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ። ግራዝማች ስብርባሪውን አይተው አማተቡ። «ይህ በልጁ እጅ ቢሆን ኖሮ?»

«ለዚህ ነው የምለምንዎ። ያረጀውን በጊዜ የለወጠ፣ በጠመንጃ ዘይት የወለወለ ሰው መሣሪያው አይከሽፍበትም፤ ባልታሰበ ሰዓት ባርቆ ጓደኛውን አይጎዳም። የአባቱም ቅርስ ለልጁ ይተርፋል።»

ቅቤው ተወልውሎ ወጣ፤ አዲሱ ሞላና ሹል ገቡ። ግራዝማች ራሳቸው ይሳቡት ጀመር፤ በአገውኛ እየቆጠሩ፣ እጃቸው እስኪዝል። ሁለት መቶ ጊዜ ሳቡት፤ መዝጊያው አንዴም አልያዘም።

«ሽባባው፣» አሉ በለሆሳስ፣ «ልጅህን ነገ በደህና እሸኘዋለሁ።»