የሚያፏጨው ቱቦ

ሰባተኛ ሰፈር፣ የመኪና ቱቦ የምሸጥባት ሱቄ በር ላይ አንድ ጎልማሳ አሮጌ መኪናውን አቁሞ "ሞተሩ ይንቀጠቀጥብኛል" አለኝ። ኮፈኑን ስንከፍት አየር የሚስበው ቀጭኑ የቫኪዩም ቱቦ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ቆርጬ ገጠምኩለት፤ ሞተሩ ግን አሁንም አልረጋ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት በመስኮት ብቅ ብሎ "ያፏጫል" አለ። "ተው አንተ፣ ምንም የለም" አለው ጎልማሳው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታል አሳክሜው እየተመለስን ነው። የሌለ ድምፅ ይሰማዋል፤ አይታዘቡን ጋሼ።"

ወጣቱ ሰምቶ ኖሮ አቀረቀረ። ፊቱን ሳየው አላስቻለኝም። "የት ጋ ነው የሚያፏጨው?" አልኩት። ወርዶ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋና እኔው የገጠምኩትን ቱቦ ጫፍ አሳየኝ። በጣቴ ጨበጥ ሳደርገው ሞተሩ ረጋ። ለካ ትንሽ ሰፋ ያለ ቱቦ መርጬ ኖሯል፤ በጎኑ አየር ይገባል። ጠበብ ያለውን አምጥቼ ገጠምኩና "አሁንስ?" ስለው "አሁን የለም" አለ። ሊሄዱ ሲሉ ጎልማሳው ወንድሙን "መንገድ ላይ ደግሞ ከሰማህ ንገረኝ፣ እሺ?" ሲለው ሰማሁ።