ወ/ሮ ውዴን ሊጦር መሬት ስለተቀበለው ምንይሉ ምትኩ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዘመናይ ተስፋው
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ዋግ ኽምራ፣ ጋዝጊብላ ወረዳ፣ ልዩ ቦታው ወይራ በር
ቀን፦ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ ምስክር የወ/ሮ ውዴ ገብረ አምላክ ጎረቤት ነኝ። ከተጠርጣሪው ከምንይሉ ጋር ጠብ የለኝም፤ ወድጄውም አላውቅም።

ወ/ሮ ውዴ ሰማንያን ያለፉ ናቸው። ቢሆነኝ የሚባለው አንድ ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ ስለጠፋ፣ የባላቸው ዘመድ ምንይሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊጦራቸው፣ ሲሞቱም በወግ ሊቀብራቸው ቃል ገብቶ አምና መሬታቸውን በስጦታ ሰጡት። እኔ በኑዛዜ ያድርጉት፣ ኑዛዜ ሐሳብዎን ቢለውጡ ይሻራል፣ ስጦታ ግን ከእጅ ወጣ ማለት ነው ብዬ መክሬያቸው ነበር። "ካላመንሁት እንዴት ያጎርሰኛል?" አሉኝ። እኔ መሬት ከያዘ በኋላ የሚያጎርስ እጅ ብዙ አላየሁም።

በዚህ ወር መጀመሪያ ምንይሉን ገበያ ላይ በጆንያ ጌሾ ገዝቶ አህያ ሲጭን አገኘሁት። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው "ለሠርግ ነው፣ እትዬ" አለ። የማን ሠርግ ብለው አህያውን ነዳ። ወሩ ሁዳዴ ነው፤ ከፋሲካ በኋላም ከእነሱ ቤት የሚዳር ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ያን ያህል ጌሾ የሚያስፈልገው ሌላው ድግስ ተስካር ነው፤ የሞተባቸው ሰው ደግሞ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከወ/ሮ ውዴ ቤት አልነቀልሁም።

ከቤታቸው ጭስ ሲጠፋ ምንይሉን ጠየቅሁት። ጠበል ወስጃቸዋለሁ አለኝ። ምርኩዛቸው ግን ደጃፉን ተደግፎ ቆሟል፤ ያለ እሱ ጓሮ እንኳ አይደርሱም። በሩም ከውጭ ተቀርቅሯል። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ወደ ሰቆጣ ሲሄድ ጠብቄ መቀርቀሪያውን አንስቼ ገባሁ። ወ/ሮ ውዴ መደብ ላይ ተኝተው፣ አጠገባቸው ቆሎ ተቀምጦ አገኘኋቸው። ጥርስ የላቸውም። ተናድጄ አለቀስሁ።

ፖሊስ ዘንድ እንሂድ ስላቸው እጄን ያዙ። "ተይው ልጄ፣ እሱ ከታሰረ ማን ይቀብረኛል?" አሉኝ። ረሃቡን የቻሉት ቀባሪ እንዳያጡ ፈርተው መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

እርሳቸው እምቢ ስላሉ እኔ መጥቻለሁ። ከትናንት ጀምሮ እኔ ቤት ናቸው። ምንይሉ "መሬቱን ፈልጋ ነው የወሰደቻቸው" እያለ እንደሚያስወራብኝ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወ/ሮ ውዴን እኔ እንደምጦርና እንደምቀብር፣ አንዲት ክንድ መሬት እንደማልቀበል መርማሪው እዚህ እንዲጽፍልኝ ጠይቄ አስጽፌያለሁ። ቃል ለመስጠት እንዲደፍሩ ይህ ለእርሳቸው ይነበብላቸው።

የተናገርሁት ያየሁትንና የሰማሁትን ነው፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ዘመናይ ተስፋው (የአውራ ጣት)
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን የሻምበል ለተጊዮርጊስ (ፊርማ)