የእናቴ እልልታ

እልልታ ሰምቼ ያለቀስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። አባቴ ልቡ ደክሞ መተንፈስ ሲያቅተው ከምንኖርበት ከአምበር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ልቡን በአልትራሳውንድ ከማየቱ በፊት ለአባቴና ለእኔ አስረዳን። «የልብዎ ግድግዳዎች አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ የሚመቱ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ልከንዎት ምቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ይተከልልዎታል። አብረው እየመቱ የደከሙ ከሆነ ግን መሣሪያው ብዙም አይረዳዎትም» አለ። እናቴ ይህን አልሰማችም፤ ውጪ በሩ ላይ ቆማ ለጊዮርጊስ ትሳል ነበር።

ምርመራው ሊያልቅ ሲል ገብታ «እንዴት ነው ልቡ?» ብትለው፣ ሐኪሙ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «አብሮ ነው የሚመታው፣ እማማ» አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር ያላት። እሷ ግን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እልልታዋን አቀለጠችው። ላስቆማት ስነሳ አባቴ፣ ደረቱ ላይ የተቀባው ቅባት እንኳ ሳይጠረግ፣ እጄን ያዘኝ።

«ተያት ልጄ፣ ትጨርስ» አለኝ።

ካረፈ በኋላም ለቅሶ ለሚደርሷት ሁሉ «ልቡስ ደህና ነበር፣ ዶክተሩ በፊቴ ነው የተናገረው» ትላቸዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አይደለም እንዴ?» ትለኛለች።

«ነው እንጂ፣ እማዬ» እላታለሁ።